የምሕረት ማግስት፤ ስለ ሁለት የውሻ ታሪኮች

የተጣለ ውሻ ከመንገድ አንሥቶ ልጆች ወዳሉበት ቤት ማግባት ለደራሲ እጅግ የሚመች ነገር ነው። የከሳ አካል፥ የተላጠ ቁርበት፥ የሚለምን ዐይን፥ በአጠገቡም እጁን የሚዘረጋ ሕፃን ካለ፥ የአንባቢው ልብ ገና በመጀመሪያው ገጽ ይማረካል። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ልብን መማረክ ቀላል ስለ ሆነ፥ የመጽሐፉን ቁም ነገር በዚያ ቀን መመዘን አይገባም። የመጀመሪያው ቀን የርኅራኄ ቀን ነው፤ ማግስቱ ግን የትዕግሥት ቀን ነው። በማግስቱ ውሻው ይርበዋል፥ ይፈራል፥ ያላዝናል፥ ዕቃ ይሰብራል፤ ልጁ ይሰለቻል፤ ወላጆችም ማን ያብላው ማን ያጥበው እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። እንግዲህ ስለዚህ ነገር የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል፤ ይኸውም ማግስቱን ነግሮናልን? ወይስ ከመጀመሪያው ቀን እንባ ዘሎ ወደ መጨረሻው ቀን እንባ ሄዷል? የሚል ነው።

በዚህ ሚዛን ለመመዘን ሁለት መጻሕፍት መርጠናል። አንደኛው በ1872 የታተመው «የፍላንደርስ ውሻ» ነው፤ ሁለተኛውም በ2000 የታተመው «በዊን ዲክሲ ምክንያት» ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በመካከላቸው 128 ዓመት አለ፤ አንዱ ስለ ቤልጅግ ድኻ መንደር፥ ሌላው ስለ አሜሪካ ትንሽ ከተማ ይናገራል። ነገር ግን የሁለቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ እናቱን ያጣ ልጅ፥ ጌታውን ያጣ ውሻ፥ በመካከላቸውም ልጁን የሚያሳድግ አንድ ሰው አለ። ሁለቱም ለልጆች እንዲነበቡ ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፉ ስለ ሆኑ፥ ምን እንደሚያስተምሩ መመርመር የወላጅም የመምህርም ሥራ ነው።

«የፍላንደርስ ውሻ»ን የጻፉት ዊዳ በሚል የብዕር ስም የታወቁት እንግሊዛዊቱ ማሪያ ሉዊዝ ራሜ ናቸው። በ1839 በእንግሊዝ አገር ተወልደው በ1908 በኢጣልያ በቪያሬጆ ከተማ በድኽነት ሞቱ። በሕይወታቸው ሳሉ ብዙ ውሾችን በቤታቸው አኑረዋል፤ በመቃብራቸውም ላይ ውሻ በእግራቸው ሥር ሆኖ ተቀርጿል። ስለዚህ ስለ ውሻ የጻፉት በወሬ ነው ለማለት አይቻልም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኔሎ የሚባል ሕፃን እናቱ ሞታበት በአንትወርፕ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ከአያቱ ጋራ ይኖራል። አያቱ ዬሃን ዳስ በጦርነት እግራቸው የተጐዳ፥ ዕድሜያቸው ሰማንያ የደረሰ ድኻ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አገር ውሻን በጋሪ ጠምዶ ማሠራት የተለመደ ነበርና፥ ፓትራሽ የሚባለው ውሻ ዕቃ ለሚሸጥ ጨካኝ ነጋዴ ጋሪ እየጐተተ፥ እየተራበና እየተገረፈ ኖሮ፥ በበዓል ቀን በመንገድ ላይ ወደቀ። ጌታውም የሞተ መስሎት በጉድባ ጥሎት ሄደ። ወደ በዓሉ የሚሄደው ሰው ሁሉ እያየ ያልፈዋል፤ በመጨረሻ ሽማግሌውና የሦስት ዓመቱ ኔሎ ደረሱ፤ አይተውም አላለፉም።

ደራሲይቱ በዚህ ስፍራ የሠሩት ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ውሻው በአንድ ሌሊት አልዳነም፤ ብዙ ሳምንት በጐጆው ውስጥ ተኝቶ ታመመ፤ ሽማግሌውም ከሌላቸው ላይ ቀንሰው አስታመሙት። መጀመሪያ ድምፁን አውጥቶ በጮኸ ጊዜ፥ ያ ሻካራ ጩኸት የመዳኑ ምልክት ነውና፥ አያትና ልጅ በደስታ ሳቁ፥ ሊያለቅሱም ምንም አልቀራቸው። የውሻ ጩኸት ጎረቤትን የሚያስቈጣ ነገር መሆኑን ለምናውቅ ሁሉ፥ በዚያች ጐጆ እንደ ምሥራች መሰማቱ ልብ የሚነካ ነው። ድኾቹ ለውሻው የሰጡት ቍራሽ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ሰጥተውታል። ከዚህ በላይ ስለ ምሕረት ማግስት የሚናገር ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘንም።

ከዚህ በኋላ ግን ታሪኩ መንገዱን ይለውጣል። ሽማግሌው የጎረቤቶቻቸውን ወተት በትንሽ ጋሪ ወደ ከተማ እየጐተቱ ይኖሩ ነበርና፥ ፓትራሽ በዳነ ጊዜ ተነሥቶ በጋሪው እንጨቶች መካከል ቆመ። ሽማግሌው እንስሳን እንዲህ ማሠራት ነውር ነው ብለው እንቢ አሉት፤ እርሱ ግን በጥርሱ ነክሶ ሊጐትተው ሞከረ፤ በመጨረሻም ፈቀዱለት። ኔሎም ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ፥ አያቱ በሕመም ስለ ተያዙ፥ ከውሻው ጋራ ወተቱን ማድረስ የእርሱ ሥራ ሆነ።

ይህ ክፍል ብዙ አንባቢዎችን ያስደስታል፤ እኛ ግን በዚህ ላይ የምንለው አለን። ደራሲይቱ ምሕረትን ወደ ዕዳ ለውጠውታል። ውሻው እስኪሞት ድረስ የተደረገለትን ይከፍላል፤ አንድ ቀንም አይሰለችም፥ አይናከስም፥ እጅ ሲነሣ አይሸሽም። ዘመኑን ሁሉ ሲገረፍ የኖረ ውሻ በአንድ በጎ ቃል ፍርሃቱን ሁሉ ይተዋል ማለት፥ ውሻን ሳይሆን መልአክን መሣል ነው። በእኛም አገር «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ተረቱም ውሻ ያበላውን የሚያውቅ መሆኑን ይናገራል። ዳሩ ግን ተረቱ ይጮኻል አለ እንጂ ሁልጊዜ ይታዘዛል አላለም። ልጅ ይህን መጽሐፍ ብቻ አንብቦ ያደገ እንደ ሆነ፥ የታደገው ውሻ ምስጋና እንዳለበት ያስባል፤ ውሻውም ምንጣፍ በቀደደ፥ ሌሊት ባላዘነ ጊዜ፥ «ውለታ ቢስ» ይለዋል። ብዙ ሰዎች ውሻ ወስደው ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሰው የሚጥሉት ስለዚህ ነው፤ የጠበቁት ምስጋና ሲቀርባቸው ምሕረታቸውም አብሮ ያልቃል።

የታሪኩ ፍጻሜ የታወቀ ነው። ኔሎ ሥዕል ይወዳል፤ በአንትወርፕ ካቴድራል ያሉትን ሩበንስ የሣላቸውን የመስቀሉን መነሣትና የጌታን ከመስቀል መውረድ የሚያሳዩ ሥዕሎች ለማየት ይመኛል፤ ነገር ግን ተጋርደው የሚታዩት ለከፈለ ሰው ብቻ ነው። አያቱ ይሞታሉ፤ ሳያቃጥል ወፍጮ አቃጠለ ተብሎ ይታማል፤ ከጐጆውም ይባረራል። በልደት ዋዜማ ሌሊት በካቴድራሉ ውስጥ መጋረጃው ተገልጦ በጨረቃ ብርሃን ሥዕሎቹን ያያል፤ በማግስቱም ልጁና ውሻው ተቃቅፈው ሞተው ተገኙ። ይህ ሞት ሰውን ሁሉ አስጨንቋል። በአሜሪካ ከተሠሩት ሲኒማዎች አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ በ1959 የወጣው፥ መጨረሻውን ለውጠው ልጁን በሕይወት አስቀርተውታል። በጃፓን ግን በ1975 በ52 ክፍል በቴሌቪዥን በቀረበ ጊዜ ሞቱ አልተለወጠም፤ የዚያም አገር ሰው ታሪኩን እንደ ራሱ ታሪክ ወደደው። በ2016ም በካቴድራሉ ፊት ልጁና ውሻው የመንገዱን ድንጋይ እንደ ብርድ ልብስ ለብሰው የተኙበት ነጭ ሐውልት ቆመላቸው።

ሞቱን የለወጡትን አናመሰግንም፤ ደራሲይቱ ከተማውን የወቀሱበትን ወቀሳ አጥፍተውታልና። ሕፃንን በብርድ የሚገድል የሰው ልብ መጨከን መሆኑን ለማሳየት ታሪኩ እንዲህ መጨረስ ነበረበት። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው ስለ ከተማው ነው እንጂ ስለ ውሻው አይደለም። ፓትራሽ በመጽሐፉ መጨረሻ የልጁ ጥላ ሆኗል፤ ጥላ ደግሞ የራሱ ፍርሃት የለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ እንለፍ። ደራሲይቱ ኬት ዲካሚሎ በ1964 በፊላደልፊያ ተወልደው በፍሎሪዳ አደጉ። ይህን መጽሐፍ የጻፉት ግን ብርድ በሚበረታበት በሚኒያፖሊስ ከተማ፥ ውሻ ማኖር በተከለከለበት ቤት ሲኖሩ፥ ያደጉበት ሙቅ አገር ናፍቋቸው ውሻም አምሯቸው ነው። በ2001 የኒውበሪ የክብር ሽልማት አግኝቷል። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ በውሾች ተከብበው የኖሩት ዊዳ ነቀፋ የሌለበት ውሻ ሣሉ፤ ውሻ የተከለከሉት ዲካሚሎ ግን አመል ያለበትን እውነተኛ ውሻ ሣሉልን።

ኦፓል የዐሥር ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ሦስት ዓመት ሲሆናት ጥላት ሄዳለች። አባቷ ሰባኪ ናቸው፤ በፍሎሪዳ ናኦሚ ወደምትባል ከተማ፥ ይህም በእኛ መጽሐፍ ኑኃሚን የሚባለው ስም ነው፥ ለስብከት ተሾመው መጥተዋል። ልጅቱ ምግብ እንድትገዛ ወደ ትልቅ ሱቅ ብትላክ፥ ባለቤት የሌለው ውሻ በሱቁ ውስጥ እየሮጠ አትክልቱን ሲያፈርስ አገኘች። የሱቁ ሹም ውሻውን እንዲወስዱት ሰው ሊጠራ ሲል፥ «የእኔ ነው» ብላ ተናገረች፤ ስሙንም በሱቁ ስም ዊን ዲክሲ አለችው።

ለካህናት አንባቢዎቻችን እጅግ የሚጠቅመው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ልጅቱ አባቷን በልቧ «ሰባኪው» ትላቸዋለች እንጂ አባቴ አትልም፤ ምክንያቱም ዘወትር የምታገኛቸው ስብከት ሲያዘጋጁ ነው። እንደ ኤሊ ራሳቸውን ወደ ቅርፊታቸው የሚሰበስቡ ሰው ናቸው ትላለች። ወደ ቤት በገባች ጊዜም ከእኛ የተቸገሩትን እንርዳ ብለው መስበካቸውን አሳሰበቻቸው፤ ከዚያ በኋላ የተቸገረውን አሳየቻቸው፤ እርሱም ቁርበቱ የተላጠ፥ የሚሸት፥ የከሳ ውሻ ነበር። ሰባኪው በገዛ ስብከታቸው ተያዙ። ደራሲይቱ በዚህ አይሳለቁባቸውም፤ ነገር ግን ቃሉን ለሕዝብ የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ የሚሰሙት በገዛ ቤቱ ያሉት ልጆች መሆናቸውን በጥቂት መስመር አሳይተዋል።

ማግስቱም ወዲያው መጣ። ውሻው ብቻውን መቅረት አይችልም፤ ቤት ትተውት ቢሄዱ ዕቃውን ሁሉ በታተነ፤ ከጸሎት ቤቱ ውጭ ቢያስሩት እስኪሰለች ድረስ አላዘነ። ሰባኪው ግን አልገረፉትም፤ ብቻውን መቅረት የሚፈራ መሆኑን ተረዱ፤ ወደ ውስጥም ይግባ አሉ። ገብቶም በስብከቱ መካከል አይጥ ያዘ። በዚህ ስፍራ ሁለቱን መጻሕፍት ማስተያየት ይገባል። ፓትራሽ ኔሎን ተከትሎ ወደ ካቴድራሉ ለመግባት ቢሞክር ዘበኛ ይመልሰው ነበር፤ የገባው በሞቱ ሌሊት ብቻ ነው። የናኦሚው ጸሎት ቤት ግን ቀድሞ ሱቅ የነበረ ቤት ነው፤ ስለዚህ የእኛን ሥርዐት ከዚያ ጋራ አናነጻጽርም፤ ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ሥርዐታችን ይከለክላልና። እኛ የምንመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ሰባኪው ጩኸቱን በቍጣ ፋንታ በማስተዋል መስማታቸውን ነው። እናቷ ትታት የሄደች ልጅ ያላት ሰው፥ መተውን የሚፈራ እንስሳ ሲያይ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ከዚህም የሚበልጠው የነጐድጓዱ ሌሊት ነው። ውሻው የመብረቅ ድምፅ በሰማ ጊዜ አእምሮውን እንደ ሳተ በቤቱ ውስጥ ይሮጣል፤ ሰባኪውንም ይጥላቸዋል። እርሳቸውም ይህ ፍርሃት በማባበል የማይጠፋ መሆኑን ለልጃቸው አስረዷት፤ የሚቻለው ነጐድጓድ በሚመጣበት ጊዜ እንዳይጠፋ መጠበቅ ብቻ ነው አሏት። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው። ፍቅር ሁሉን ያድናል የሚል ቃል ለልጆች መንገር ቀላል ነው፤ ዲካሚሎ ግን ከፍቅር በኋላም የሚቀር ፍርሃት እንዳለ፥ ለእርሱም መድኃኒቱ ጥበቃ እንደ ሆነ ነገሩ። በመጨረሻም ግብዣ በተደረገበት ምሽት ዝናም በድንገት ሲመጣ፥ ሁሉም ምግቡን ለማንሣት ሲሯሯጥ ውሻው ተረሳ፤ ጠፋም። የተረሳው በጭካኔ አይደለም፤ በደስታና በሥራ ብዛት ነው። በቤታችንም ጥበቃ የሚጐድለው ዘወትር እንዲህ ነው።

በፍለጋው ላይ ሳሉ ሰባኪው እንመለስ ባሉ ጊዜ፥ ልጅቱ እናቷን እንኳ አልፈለጉም ብላ ወቀሰቻቸው። አባትየው አለቀሱ፤ ለሰባት ዓመት የዘጉትን ነገር ያን ጊዜ ተናገሩ። ውሻው ግን ሩቅ አልሄደም፤ በተጋበዙበት ቤት ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። ውሻው በቤተ ሰቡ ዘንድ የሠራው ሥራ ጋሪ መጐተት አይደለም፤ የሚጠበቅ ነገር ሆኖ አባትና ልጅን በአንድ ጥበቃ አገናኘ። ዕዳ ከሚከፍለው ከፓትራሽ ይልቅ፥ ምንም ሳይከፍል የሚያስተምረው ዊን ዲክሲ እውነተኛ የሆነው ስለዚህ ነው።

ዳሩ ግን ይህንም መጽሐፍ ያለ ነቀፋ አናሳልፈውም። ዊን ዲክሲ ሲደሰት ከንፈሩን ሰብስቦ ጥርሱን ሁሉ ያሳያል፤ ልጅቱም ፈገግ አለ ትላለች። እንዲህ የሚያደርጉ ውሾች በእውነት አሉ፤ ደራሲይቱም አልዋሹም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ውሻ ጥርሱን ሲገልጥ አትቅረበኝ ማለቱ ነው። ይህን መጽሐፍ የሰማ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን ጥርሱን የገለጠ ውሻ ባየ ጊዜ ሊያቅፈው ቢሮጥ፥ ጥፋቱ የሕፃኑ ነው ለማለት አይቻልም። ትንንሽ ልጆችን የሚነክሳቸው ብዙ ጊዜ እንግዳ ውሻ ሳይሆን በቤት የሚያውቁት ውሻ ነው፤ ይህም የሚሆነው ሲበላ፥ ሲተኛ፥ ወይም ተደብቆ ሳለ ሲነኩት ነው። ስለዚህ ለልጁ የሚያነብ ወላጅ በዚህ ገጽ ላይ ቆም ብሎ ሊያስረዳ ይገባዋል፤ የሚበላን ውሻ እንዳይነካ፥ የተደበቀን ውሻ ጐትቶ እንዳያወጣ፥ ትልቅ ሰው በሌለበትም ከአዲስ ውሻ ጋራ ብቻውን እንዳይሆን ይንገረው።

ሁለተኛው ነቀፋ ስለ ወላጅ ድርሻ ነው። ኦፓል ውሻውን አጠበችው፥ አበጠረችው፤ የአንገቱን ማሰሪያ ዋጋ ለመክፈልም በእንስሳት መሸጫ ሱቅ እየጠረገች ሠራች። ይህ ለልጆች መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን ከመንገድ የተነሣው ውሻ ለእንስሳት ሐኪም ሲታይ፥ ሲከተብም በታሪኩ ውስጥ አናይም። ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 ነው፤ ዊዳ ከዚያ 13 ዓመት አስቀድመው ስለ ጻፉ አይወቀሱም። በ2000 የጻፈ ግን ይህን በአንድ መስመር ሊያነሣው በቻለ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት በአገራችን ለሚነበብ መጽሐፍ ይህ ጕድለት ትንሽ አይደለም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነውና፥ ውሻው አስቀድሞ ይከተብ፤ የተነከሰም ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

አንዳንድ ሰው፥ ውሻ በእኛ ዘንድ የግቢ በር ጠባቂ ነው እንጂ የቤተ ሰብ ወዳጅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ምን ይጠቅመናል? ይል ይሆናል። በር የሚጠብቀው ውሻም ቢሆን ፍርሃትና ረኃብ አለው፤ በግቢው ውስጥም ልጆች ይኖራሉ። ደግሞም በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ጋራ በሄደ ጊዜ ውሻው ተከትሏቸው መሄዱ ተጽፏል። በዚያ ታሪክ ውሻው ተአምር አልሠራም፥ ማንንም አላዳነም፤ አብሮ ሄደ፥ አብሮም ተመለሰ። መንገዱን አብሮ መሄዱ ብቻ ሊጻፍለት በቃ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። «የፍላንደርስ ውሻ» የሚያስለቅስ መጽሐፍ ነው፤ ልቅሶውም ከንቱ አይደለም፥ የድኻውን በር የዘጉትን ይወቅሳልና። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከፍ ላሉ ልጆች ይሰጥ፤ አንባቢውም የፓትራሽን ትዕግሥት የውሻ ሁሉ ጠባይ አድርጎ አይቁጠረው። «በዊን ዲክሲ ምክንያት» ግን በጠቀስናቸው ሁለት ስፍራዎች ወላጅ እየታረመ የሚነበብ ከሆነ፥ ውሻ ለማግባት ለሚያስብ ቤተ ሰብ ከብዙ ምክር ይሻላል። ልጆች «ይህ ውሻ ያሳዝናል፥ እንውሰደው» ብለው በለመኑ ጊዜ፥ አባትና እናት ስለ ማዘናቸው አይጠራጠሩ፤ ርኅራኄው እውነተኛ ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ነጐድጓድ በሚመጣበት ሌሊት ማን ተነሥቶ ይጠብቀዋል? ለዚህ መልስ ያለው ቤት ውሻውን ያግባ፤ መልስ የሌለው ቤት ግን መልሱን እስኪያገኝ ድረስ መጽሐፉን ያንብብ።